«ክፈል» የሚለውን ገና አትንኪው

ቆይ! ጣትሽን አንሺ። እስቲ ስልኩን ወዲህ አዙሪልኝ። ዛንዚባር፣ ሦስት ሌሊት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት። ዕቁቡ ከወጣልሽ ሳምንት ሳይሞላው በአንድ ጣት ልትበትኚው ነው? ወንበሩን ሳቢና ተጠጊ። አትሂጂ አላልኩም፤ እኔም ሄጄ ተመልሻለሁ። በስህተቴ የገበርኩትን ገንዘብ አንቺም እንዳትገብሪው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቪዛው የታለ? «እዚያው ኤርፖርት ይመቱልሻል» ያለሽ ሰው በምን ፓስፖርት ሄዶ ነው? አንዱ አገር ሲደርስ የሚያገኘውን ሌላው ሳምንታት ጠብቆ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ በሰው ወሬ አትነሺ። ራሱ የታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ባዘጋጀው ገጽ ላይ ገብተሽ ታመለክቻለሽ። ተራው የቱሪስት ቪዛ 50 ዶላር ነው። እሱን የሚመስሉ፣ «የአገልግሎት» እያሉ ሌላ ገንዘብ የሚጨምሩ ገጾች ሞልተዋልና አድራሻውን ፊደል በፊደል እዪው። ማመልከቻውን ሁለት ወር ቀደም ብለሽ አስገቢ፣ ትኬቱን ሪዘርቭ ብቻ አድርገሽ አቆዪው፣ ገንዘብ የምትከፍይው ቪዛው ወጥቶ ስታዪው ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ በግልባጩ አድርጋው፣ የበረራዋ ቀን መልስ ስትጠብቅ አለፈ። ዶላር ከባንክ ስትጠይቂም ቪዛና ትኬት አሳዪ ማለታቸው አይቀርም፤ ቅርንጫፍሽ ሄደሽ ምን ምን እንደሚፈልጉ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቱን የመንግሥት ኢንሹራንስ ይገዛል፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም ይኼኛው አይቀርም። ሳትነሺ እዚሁ ሆነሽ ክፈዪና ወረቀቱን አትሚው፣ ስልክሽ ባትሪ ጨርሶ ሰልፍ ላይ እንዳትርበተበቺ። ሦስተኛው ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ አለባቸው ከሚባሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች ይጠይቁሻል። ክትባቱ አንዴ ከተወጋሽ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ግን ከጉዞሽ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሆን አለበት። እዚያው ሳለሽ ስለ ወባ መከላከያም ሐኪሙን ጠይቂ፤ አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ፣ ትንኝ አታውቂም።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። 50 እና 44፣ 94 ዶላር። ይኼ ገና ትኬቱ ሳይቆጠር፣ እግርሽ አሸዋ ሳይረግጥ የሚከፈል ነው። ለሦስት ሌሊት ስታካፍዪው ለአንዱ ሌሊት ከ31 ዶላር በላይ ይመጣል። ለዘጠኝ ሌሊት ብታካፍዪውስ? 10 ተኩል አይሞላም። ትኬቱም እንደዚያው ነው፤ ሦስት ቀንም ቆየሽ አሥር ቀን አውሮፕላኑ የሚያስከፍልሽ ያው ነው። ዛንዚባር ውድ ነው የሚሉሽ ሰዎች አብዛኞቹ ሦስት ቀን ሄደው፣ በታክሲ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጡ ከርመው የመጡ ናቸው። ብሩን የሚበላው ጥድፊያ ነው። ቀኑን አብዢው፣ ቦታውን ቀንሺው። ዓመት ፈቃድሽ ካልበቃ ትንሽ ጠብቂ፤ ደሴቱ የትም አይሄድም።

ሚያዝያንም ሰርዢው። አውቃለሁ፣ ፋሲካን ይዘሽ ነው ያሰብሽው። ግን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ማሲካ ይባላል፣ ትልቁ ዝናባቸው ነው። የእኛ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ እዚያ መሐል ይወድቃል። አልጋው የረከሰው በደግነት መሰለሽ? ግማሹ ሆቴል ዘግቶ ጣሪያ እየጠገነ ስለሆነ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ደረቅና ለስላሳ ነው፣ ግን አውሮፓውያን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ነውና ዋጋው ይሰቀላል። የእኛ ገና ላይ ደግሞ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ግርግር ገና አልበረደም። ፌብሩዋሪ ላይ ሳውቲ ዛ ቡሳራ የሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል ስላለ ከተማው ውስጥ አልጋ ይጠፋል። ታዲያ መቼ? ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ወይም ሰኔ ላይ። እኔ የመስቀሉን እመርጣለሁ፤ በኅዳር አነስ ያለው ዝናባቸው ሳይገባ ትመለሻለሽ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ እሱንም ከካላንደር እዪው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ በጾሙ ቀን ቀን ብዙው ምግብ ቤት ይዘጋል። ማታው ደግሞ እጅግ ያምራል፣ ያን ካልሽ ሌላ ነገር።

ወደ ቦታው እንምጣ። ይኼ ስልክሽ ላይ ያየሽው ኑንግዊ ሰሜን ጫፍ ነው። ኑንግዊና አጠገቡ ያለው ኬንድዋ ላይ ባሕሩ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም፣ ቀኑን ሙሉ ይዋኝበታል፤ ስለዚህም ትልልቁ ሆቴልና ጭፈራው እዚያ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ለአንቺና አብራሽ ለምትሄደው ጓደኛሽ የምመክረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ከተማው ውስጥ፣ ስቶን ታውን፣ ከዚያ የቀረውን ሁሉ ጃምቢያኒ። ጃምቢያኒ በምሥራቅ ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ቤተሰብ የሚያከራያቸው አነስተኛ ማረፊያዎች አሏት፣ ጠዋት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው በአሸዋው ላይ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ታያለሽ። ማረፊያ ስትይዢ «በሌሊት የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ። አንዳንዱ ስትወጪ ነው የሚጨምርብሽ።

ግን የምሥራቁን ባሕር ሳልነግርሽ ብልክሽ እርግማንሽ እዚህ ይደርሰኝ ነበር። እኔን ምን እንደገጠመኝ ስሚ። ሙሉ ጨረቃ በወጣች ማግስት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ደረስኩ። ያከራየኝ ሰው በፎቶ ያሳየኝ ሰማያዊ ውኃ ደጃፉ ላይ ነበር። ብቅ ብዬ ባይ፣ ባሕር የለም። እውነቴን ነው፣ የለም። ነጭ አሸዋ፣ አረንጓዴ ሣር መሳይ ነገር፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች፣ ከዚያ እጅግ ርቆ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር። ተታለልኩ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ውኃ ቦታውን ትቶ ይሄዳል ብሎ አያስብማ።

እንባዬን ጠርጌ ወደ መስመሩ መራመድ ጀመርኩ። መሐል ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። እንጨት ተተክሏል፣ በእንጨቶቹ መሐል ገመድ ተወጥሯል፣ በገመዱ ላይ ቁርጥራጭ የባሕር አረም በስስ ሲባጎ አንድ በአንድ ይታሰራል። ምዋኒ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በዚያ ዳርቻ የሴቶች እርሻ ነው፤ ደርቆ ወደ ውጭ ይላክና በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ ማወፈሪያ ሆኖ ይመለሳል። አንዲት እናት ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሶ ቁጭ ብለው ያስራሉ፤ ጣታቸው ከመፍጠኑ የተነሳ ቋጠሮውን ማየት አይቻልም። በእጄ ባሕሩን አሳይቼ «የት ሄደ?» በሚል ፊት አየኋቸው። ሳቁ። ከዚያ የተቀመጥኩበትን ደረጃ ጠቁመው አሥሩን ጣቶቻቸውን ዘረጉልኝ፤ «ሳ ኩሚ» አሉ።

አሥር ሰዓት ማለት ነው። የእኛው አሥር ሰዓት! ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ሳ ሞጃ አንድ ሰዓት፣ ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ አንቺ እቤትሽ ነሽ። ሰዓቱም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ምንም አታስተካክዪም። ግን ልብ በዪ፣ በስዋሂሊ ሲነገርሽ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ካወሩሽ ወይም ትኬት ላይ የታተመ ከሆነ የፈረንጅ ቆጠራ ነው። እና አሥር ሰዓት ላይ፣ እንዳሉኝ፣ ውኃው የማረፊያዬን የታችኛውን ደረጃ ነካ። ያው ሰማያዊ፣ ያው ፎቶው። ጀልባዎቹ ቀና ብለው ይወዛወዛሉ።

ስለዚህ ባሕሩ የራሱ ፕሮግራም አለው። በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል፣ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ መሄዱም መምጣቱም ይበረታል፣ በመሐል ባሉት ቀናት ይለዝባል። የማረፊያሽን ሰው የሳምንቱን የውኃ ሰዓት ጠይቂ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈውትም ይሆናል። ውኃው ሲመጣ ዋኚ፤ ሲሄድ ወደ ውስጥ ተራመጂ፣ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ባዶ እግርሽን ግን አይሆንም፤ የባሕር ጃርት የሚሉት ጥቁር ባለ እሾህ ነገር አለ፣ ከረገጥሽው ሦስት ቀን ታነክሻለሽ። ከመርካቶ ርካሽ የፕላስቲክ ጫማ ይዘሽ ሂጂ። ውኃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ ፎቶ ላንሳ ብለሽ አትዘግዪ፣ ከኋላሽ ባለው ጎድጎድ ዞሮ ይቀድምሻል። አንቺ ዋና አትችዪም።

ትራንስፖርት ላይ ነው ብዙ የምታተርፊው። ዳላዳላ የሚሉት የእኛው ሚኒባስ ነው፤ ረዳት አለው፣ ይጠቀጠቃል፣ ጣሪያው ላይ ዓሣ በባልዲ ይጫናል። ቁጥር አለው፦ 505 ከኤርፖርት ወደ ከተማ፣ 309 ወደ ጃምቢያኒ፣ 116 ወደ ኑንግዊ። ከየት መናኸሪያ እንደሚነሳ ያደርሽበት ቤት ይነግሩሻል፤ ሳይመሽ ውጪ፣ ወደ ማታ ይጠፋል። መውረጃሽ ሲደርስ «ሹሻ!» በዪ፣ «ወራጅ አለ» ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ኤርፖርት በር ላይ ከያዘኝ ታክሲ ጋር ሳልነጋገር ገብቼ ለሰባት ኪሎ ሜትር የማይሆን ገንዘብ ከፍያለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማታ ከደረስሽ ግን ስለ ብር ብለሽ ሻንጣ ይዘሽ ዳላዳላ አትፈልጊ፤ ዋጋ ቁረጪና በታክሲ ሂጂ። ሞተር ተከራዩ የሚሏችሁንም ተዉት፤ የአገሬው ፈቃድ ይጠየቃል፣ በየመንገዱም ፖሊስ ያስቆማል።

የ309 መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በጆዛኒ ጫካ ያልፋል። ሻንጣችሁን ከተማ ያደራችሁበት ቤት ተዉና አንድ ቀን እዚያ ወርዳችሁ ተመለሱ። የዛንዚባር ቀይ ጉሬዛ በዓለም ላይ ከዛንዚባር ደሴቶች ሌላ አይገኝም። ከከተማው በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴትም ይኬዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የሲሸልስ ገዥ በስጦታ የላካቸው አራት ግዙፍ ኤሊዎች ዘር እዚያ አለ። የጀልባው ዋጋ ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለምና ብቻችሁን አትከራዩ፣ ሌሎች እስኪመጡ ጠብቁ። ኪዚምካዚ መንደር ወስጄ ዶልፊን ላሳይሽ የሚልሽን እምቢ በዪ። አሥር ጀልባ ሁለት ዓሣ መሳይ ምስኪን ሲያሳድድ አይቼ ገንዘቤን ሳይሆን ራሴን ነው የታዘብኩት።

ስቶን ታውን ውስጥ መራመድ ነጻ ነው፣ መጥፋትም ነጻ ነው። «ጓደኛዬ፣ ላሳይሽ» እያለ የሚከተልሽ ይኖራል፤ የአገሬው ሰው ራሱ ፓፓሲ ይላቸዋል፣ መዥገር እንደማለት ነው። ፈገግ ብለሽ እለፊ፣ አትቁሚ። ገንዘብ ከፍለሽ መግባት ያለብሽ አንድ ቦታ የአንግሊካን ካቴድራሉ ነው። የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው፣ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው የተዘጋው። ምድር ቤት ውስጥ ጎንበስ ብለሽ የምትገቢበት ክፍል አለ። ጠዋት ሂጂ፣ ሰው ሳይበዛ።

ምግቡን አትፍሪ። ረቡዕና ዓርብ ምን እበላለሁ ብለሽ አትጨነቂ፣ ደሴቱ ኮኮናት ላይ የተቀመጠ ነው። ማሃራጌ ያ ናዚ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሳይ አደንጓሬ ነው፤ ከዋሊ ዋ ናዚ፣ ከኮኮናቱ ሩዝ ጋር ትበዪዋለሽ፣ አለዚያ በቻፓቲ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከነፍስ አባትሽ ጋር ጨርሺ፣ እኔ አልገባበትም። ስቶን ታውን ሉክማን የሚባል ቤት ድስቱን እያየሽ በጣትሽ ትመርጫለሽ፣ የሠፈሩ ሰው የሚበላበት ነው። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ባሕሩ ዳር ምግብ ይዘረጋል። ሂጂ፣ የሸንኮራውን ጭማቂ በሎሚና በዝንጅብል አስጨምቀሽ ጠጪ፣ የአገሬውን ፒዛም ቅመሺ። እዚያ የተደረደረውን የባሕር ምግብ ግን ዓይን እያየ አይገዛም፤ ትናንት የተጠበሰ ዛሬ ደግሞ ይሞቃል። ዋጋው ሳይቆረጥ ሳህን አትያዢ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ኡሮጆ ነው፤ ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለ መረቅ፣ ውስጡ ድንችና ባጂያ፣ ላዩ ላይ የካሳቫ ጥብስ ተፈርፍሮ። ለቀመሰው ሰው ሽሮ የሚያስረሳ ነው ብል ትዋሺኛለሽ ትያለሽ፤ ለምሳ ያህል ያስረሳል።

ገበያ ስትገቢ «ጃምቦ» አትበዪ፣ እሱ የቱሪስት ሰላምታ ነው። በዕድሜ ለሚበልጥሽ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፣ እሳቸው «ማራሃባ» ብለው ይመልሱልሻል። አንቱታ የምታውቂ ልጅ ስለሆንሽ አይከብድሽም። ከዚያ «ቤይ ጋኒ» ብለሽ ዋጋ ጠይቂ፣ «ፑንጉዛ ኪዶጎ» ብለሽ ትንሽ አስቀንሺ። ከሰላምታ የጀመረ ገበያ ይለያል፣ እኔ ራሴ በአንድ ማንጎ ሻጭ አይቼዋለሁ።

በከተማውና በመንደሩ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ የዋና ልብስ ባሕሩ ላይ ብቻ። ለዚያ ካንጋ ግዢ። በጥንድ ነው የሚሸጠው፣ አንድ ላይ የተያያዘ ሁለት ጨርቅ፣ ቆርጠሽ ታስጠልፊዋለሽ፤ ከጓደኛሽ ጋር ብትካፈሉት ግማሽ ዋጋ። ፎጣ ነው፣ ቀሚስ ነው፣ ማታ አንሶላ ነው። ከታች ጫፉ ላይ በስዋሂሊ የታተመ አባባል አለው፣ እንደ ሰምና ወርቅ ነው፣ ሴቶቹ እየመረጡ ነው ለብሰው የሚወጡት። እኔ ቀለሙን አይቼ ብድግ አድርጌ ገዛሁና ለብሼ መንደሩን ዞርኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ምን ሆነው ነው እላለሁ። ማታ ያከራየኝ ሰው ሚስት እያፈረች ነገረችኝ፤ ለጣውንትና ለምቀኛ ጎረቤት የሚለበስ ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ሠፈሩን ስሰድብ ከርሜያለሁ።

ሻንጣ ላይ ብዙ አልልም። ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ ማስማሚያ ያዢ። ፌስታል የተከለከለ ነው፣ ልብስሽን በጨርቅ ከረጢት አድርጊ። ዶላርሽ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የታተመ ይሁን፣ አሮጌውን አይቀበሉሽም። ኤቲኤም በብዛት ያለው ከተማው ውስጥ ስለሆነ ጃምቢያኒ ሳትወርጂ ሽልንግ አውጪ።

አሁን ያንን ገጽ ዝጊውና ካላንደሩን ክፈቺ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሙሉ ጨረቃ መቼ ነው? እሺ፣ እዚያ ላይ ምልክት አድርጊ። ለጓደኛሽ ደውዪላትና ፓስፖርቷ ስንት ወር እንደቀረው ትይ፣ ስድስት ካልሞላው መጀመሪያ ታሳድስ። እና ካንጋ ስትገዢ ለእኔ አንድ ሌላ ጨምሪ። ቀዩን። ግን ብር ሳትከፍዪ ባለሱቁ አባባሉን ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።